ዘር ከልጓም ይስባል? ስለ ዕድሜ፣ ስለ ቤተሰብ ታሪክና ስለ ልማድ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ዕድሜ የሚጠይቁኝ ሰዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንዱ «እኛ ቤት ሰው ብዙ አይቆይም» ብሎ ገና በ35 ዓመቱ ተስፋ የቆረጠ ነው። ሌላው «የእኛ ዘር ዘጠናን ሳያልፍ አይሞትም» እያለ ሲጋራውን የሚለኩስ ነው። ሁለቱም የቤተሰባቸውን ታሪክ የሚያነቡት እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። እኔ ግን ቀደም ብሎ እንደ ደረሰ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው የማየው። ደብዳቤ ደግሞ ተከፍቶ ይነበባል፣ ከዚያም አንድ ነገር ይደረግበታል።

ከታች ያሉት ጥያቄዎች በብዛት የሚነሱት ናቸው። አንዳንዶቹ ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋሉ፤ አንዳንዶቹ በጥቂት መስመር ያልቃሉ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዕድሜን የሚወስነው ዘር ነው ወይስ አኗኗር?

ሁለቱም። ግን የዘር ድርሻ ብዙ ሰው ከሚገምተው ያንሳል።

ዴንማርክ ውስጥ ከ1870 እስከ 1900 የተወለዱ መንትዮች ስንት ስንት ዓመት እንደኖሩ ተነጻጽሮ ነበር። ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንትዮች ዘረመላቸው አንድ ዓይነት ነው። ሁሉም ነገር በዘር ቢያልቅ ኖሮ ተከታትለው ይሞቱ ነበር። አልሆነም። በሰዎች ዕድሜ መካከል ካለው ልዩነት በዘር ሊብራራ የቻለው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው።

በ2018 ደግሞ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎችን የትውልድ ሐረግ ያገላበጠ ጥናት ወጣ። እሱ ይህን ድርሻ ከ10 በመቶ በታች አወረደው። ምክንያቱ ደስ ይላል። ምንም የደም ትስስር የሌላቸው፣ በጋብቻ ብቻ የተዛመዱ ሰዎች በዕድሜ ርዝመት ተመሳስለው ተገኙ። ሰው የሚያገባው የሚመስለውን ነው። በትምህርት፣ በገቢ፣ በአበላል፣ ሲጋራ በማጨስና ባለማጨስ ጭምር። ስለዚህ በደም የመጣ ይመስል የነበረው ነገር ከፊሉ በጋብቻ የመጣ ነበር።

በሌላ በኩል አደጋንና ተላላፊ በሽታን ከሂሳቡ አውጥተው የቆጠሩ ተመራማሪዎች የዘርን ድርሻ ወደ ግማሽ ከፍ ያደርጉታል። ታዲያ የቱን እንመን? ሁሉንም ማመን ይቻላል። የዘር ድርሻ እንደ ቁመት አንዴ ተለክቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። አካባቢው ሲለወጥ አብሮ ይለወጣል። ሁሉም ሰው ንጹሕ ውሃ፣ ክትባትና ሐኪም ካገኘ፣ የቀረውን ልዩነት የሚያመጣው በአብዛኛው ዘር ይሆናል። ደግሞ እነዚህ ቁጥሮች ስለ ብዙ ሕዝብ ነው የሚናገሩት። «ከ80 ዓመቴ ውስጥ 20ው የአያቴ ነው» ተብሎ አይቆረስም።

«አማካይ የመኖር ዕድሜ 73 ነው» ሲባል፣ ሰው በ73 ዓመቱ ይሞታል ማለት ነው?

አይደለም። ይህን ቁጥር የመሰለ በስህተት የሚነበብ ቁጥር አላውቅም።

ሁለት ሰዎችን ብቻ እንውሰድ። አንዱ በተወለደ በሳምንቱ ሞተ። ሌላው 80 ዓመት ኖረ። አማካዩ 40 ነው። በ40 ዓመቱ የሞተ ግን የለም። በዓለም ደረጃ በ1950 አማካዩ 46 ዓመት አካባቢ ነበር። በ2019 ከ73 አለፈ። ከዚያ ኮሮና መጣና በ2021 ወደ 71 ዝቅ አለ። ያኔ በ1950 ሽማግሌዎች አልነበሩም ማለት አይደለም። አማካዩን ወደ ታች የሚጎትተው የሕፃናት ሞት ነበር።

ሁለተኛው ስህተት ደግሞ ይኸውና። ይህ ቁጥር የሚሰላው ዛሬ ለሚወለድ ሕፃን ነው። አንድ ሰው 60 ዓመት ከሞላው የልጅነትንና የወጣትነትን አደጋዎች ተሻግሯል። ስለዚህ የሚጠበቅለት ዕድሜ ከአገሩ አማካይ በላይ ነው። «72 ነው አማካዩ፣ እኔ 70 ነኝ፣ ሁለት ዓመት ቀረኝ» የሚል ሰው ካጋጠመዎት እባክዎ ያረጋጉልኝ።

እግረ መንገዴን ልበል፤ ከ1950 ወዲህ የሰው ልጅ ዘረመል አልተለወጠም። ሰባ ዓመት ለዚያ በጣም አጭር ነው። ዕድሜውን ያስረዘመው ሌላ ነገር ነው።

አባቴ በ48 ዓመቱ በልብ ሕመም ሞቷል። እኔ አሁን 41 ነኝ። ዕጣዬ ይኸው ነው?

ይህ ጥያቄ ሲመጣ ቀልድ ይቀራል። መጀመሪያ ግልጹን ልንገርዎት፤ አዎ፣ ይህ ታሪክ ክብደት አለው። ሐኪሞች አባት ወይም ወንድም ከ55 ዓመት በፊት፣ እናት ወይም እህት ከ65 ዓመት በፊት በልብ ሕመም ከተያዙ «ያለ ዕድሜ የመጣ» ብለው ለብቻ ይመዘግቡታል። በ85 ዓመቱ በልብ የሞተ አያትና በ48 የሞተ አባት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው በአብዛኛው እርጅና ነው። ሁለተኛው ጥቆማ ነው።

የጂም ፊክስን ታሪክ ልንገርዎት። አሜሪካዊ ነው። አባቱ በ35 ዓመታቸው ሃርት አታክ መታቸው፣ በ43 ዓመታቸው ሞቱ። ፊክስ ራሱ ወፍራም ነበር፣ በቀን ሁለት ፓኮ ሲጋራ ያጨስ ነበር። አባቱ በታመሙበት ዕድሜ፣ በ35 ዓመቱ፣ መሮጥ ጀመረ። ከሳ። ሲጋራውን ተወ። በ1977 ስለ ሩጫ የጻፈው መጽሐፍ እንደ ጉድ ተሸጠ፤ ሚሊዮኖችን ጎዳና ላይ አወጣ። ከዚያ በ1984 የዕለት ሩጫውን ሲሮጥ ወድቆ ሞተ። 52 ዓመቱ ነበር። አስከሬኑ ሲመረመር የልቡ የደም ቧንቧዎች ክፉኛ ጠበው ተገኙ።

ያኔ ብዙ ሰው ተሳለቀ። «አየህ፣ ሩጫ ገደለው» ተባለ። እኔ ታሪኩን በሁለት መንገድ ነው የማነበው። አንደኛ፣ አባቱ ካቆሙበት በላይ ዘጠኝ ዓመት ኖሯል። ሁለተኛ፣ ሩጫ ምርመራን አይተካም። በ35 ዓመት ውስጥ የተከማቸውን ስብ ሩጫ ብቻውን ከቧንቧ ጠራርጎ አያወጣም። እንደ ፊክስ ዓይነት ታሪክ ያለው ሰው ዛሬ ኮሌስትሮሉን ይለካል፣ የደም ግፊቱን ይከታተላል፣ ካስፈለገ መድኃኒት ይጀምራል። እየሮጠም ማለት ነው።

ተስፋ የሚሰጥ ነገርም አለ። በ2016 ወደ 55 ሺህ በሚጠጉ ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ታተመ። በዘረመላቸው ለልብ ሕመም በጣም የተጋለጡ ሰዎች ተለይተው ታዩ። ከእነሱ መካከል የማያጨሱት፣ ከልክ ያልወፈሩት፣ የሚንቀሳቀሱትና በደንብ የሚመገቡት ከሌሎቹ ጋር ተነጻጸሩ። ከአራቱ ሦስቱን እንኳ ያሟሉት በግማሽ ያህል ያነሰ አደጋ ነበረባቸው። ዘሩ ያው ነው፤ አደጋው ግን ግማሽ ሆነ።

ስለዚህ በ41 ዓመትዎ ሊያደርጉት የሚገባው ነገር ቀላል ነው። ሐኪም ዘንድ ሄደው «አባቴ በ48 ዓመቱ በልብ ሞቷል» ይበሉ። ይህቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር የምርመራውን ቅደም ተከተል ትቀይራለች። ደግሞ አባትዎ ያጨሱ እንደነበር፣ ግፊት ይኑራቸው አይኑራቸው ያጣሩ። የሞቱበት ምክንያት ለእርስዎ ያልተላለፈ ነገር ሊሆን ይችላል።

እናቴና አባቴ ከ90 አልፈዋል። እኔ ዘና ብል ምን ችግር አለው?

ጥሩ ውርስ ነው፣ እንኳን ደስ ያለዎት። ዕድሜ ጠገብ ወላጆች ያሏቸው ሰዎች የልብ ሕመምም ሆነ ስኳር ዘግይቶ ነው የሚይዛቸው። ግን ውርስ ይባክናል። ወላጆችዎ ምናልባት ሙሉ ዕድሜያቸውን በእግራቸው ሲሄዱ፣ ቤት ውስጥ የተሠራ ሲበሉ፣ በጊዜ ሲተኙ ኖረዋል። እርስዎ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነዎት። ዘሩን ወረሱ፤ አኗኗሩን አልወረሱም።

ግን እኮ ሲጋራ እያጨሰ 95 ዓመት የኖረ ሰው አውቃለሁ!

ሁሉም ሰው አንድ ያውቃል። እንዲያውም ትልቁን ምሳሌ እኔው ልስጥዎት። በዕድሜ ርዝመት እስካሁን በማስረጃ የተመዘገበውን ክብረ ወሰን የያዘችው ፈረንሳዊቷ ዣን ካልማ ናት። በ1875 ተወልዳ በ1997 ሞተች። 122 ዓመት ከ164 ቀን ኖራለች። ታጨስም ነበር፤ በቀን ከሁለት አይበልጥም ነበር ይባላል።

ችግሩ የሚቆጠሩት የተረፉት ብቻ መሆናቸው ነው። አጫሹ የ95 ዓመት አዛውንት ልደት ሲከበርለት ፎቶ ይነሳል። በ58 ዓመቱ በሳንባ ካንሰር የሞተው የዕድሜ እኩያው ፎቶው ላይ የለም። መንገድ ሳያይ የሚሻገርም ሰው ብዙ ጊዜ ይሻገራል።

የቤተሰብ በሽታ ሁሉ የዘር በሽታ ነው?

ይህ ለእኔ ከሁሉም የሚጥም ጥያቄ ነው። ምክንያቱም ቤተሰብ ዘር ብቻ አይደለም የሚያወርሰው። ማዕዱን ያወርሳል። የጨውና የዘይት ልኩን ያወርሳል። ሲከፋው ምን እንደሚያደርግ ያወርሳል፤ አንዱ ቤት ይወጣና ይራመዳል፣ ሌላው ቤት ጠርሙስ ይከፈታል።

ታዲያ እነዚህን ሁለቱን እንዴት መለየት ይቻላል? በማደጎ ልጆች። ልጁ ዘሩን ከወለዱት፣ ልማዱን ካሳደጉት ይወስዳል። በ1988 ዴንማርክ ውስጥ ይኸው ተሠራ፤ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ የማደጎ ልጆች ታሪክ ተመረመረ። ከወላጅ አባት ወይም እናታቸው አንዱ ከ50 ዓመት በፊት በተላላፊ በሽታ ወይም በልብና በደም ቧንቧ ሕመም የሞቱባቸው ልጆች፣ በዚያው ዓይነት በሽታ የመሞት አደጋቸው ከአራት እጥፍ በላይ ከፍ ብሎ ተገኘ። ይህ ዘር ነው።

ካንሰር ላይ ግን ነገሩ ተገለበጠ። የወለዳቸው ሰው በካንሰር መሞቱ ብዙም ለውጥ አላመጣም። አሳዳጊያቸው ከ50 ዓመት በፊት በካንሰር ከሞተ ግን የልጆቹ አደጋ ወደ አምስት እጥፍ ከፍ አለ። ከአሳዳጊያቸው ጋር የደም ጠብታ አይጋሩም። የተጋሩት ቤቱን ነው፤ ጭሱን፣ ምግቡን፣ አየሩን። የጥናቱ ሰዎች ብዙ ስላልነበሩ ቁጥሩን እንደ ሕግ አልይዘውም። በዘር የሚመጡ ካንሰሮችም አሉ፤ እመለስበታለሁ። ቢሆንም ከዚያ ወዲህ «ይኼ እኮ በዘራችን ነው» የሚል ሰው ስሰማ «ወይስ በቤታችሁ?» ማለት ለምዶብኛል።

እናቴም አክስቴም ስኳር አለባቸው። ለእኔስ መቼ ይመጣል እያልኩ መጠበቅ ነው?

አይጠብቁት። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ በቤተሰብ ውስጥ በጣም ይደጋገማል። ሆኖም ሊከለከል የሚችል መሆኑ በደንብ ከታየባቸው በሽታዎች አንዱ ነው። አሜሪካ ውስጥ ውጤቱ በ2002 የታተመ አንድ ትልቅ ሙከራ ነበር። ከሦስት ሺህ በላይ ሰዎች ገቡበት። ሁሉም የደም ስኳራቸው ከፍ ያለ፣ ግን ገና ሕመምተኛ ያልሆኑ ናቸው። አንደኛው ቡድን ከክብደቱ 7 በመቶ እንዲቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ተደረገ። ሌላው ሜትፎርሚን የሚባለውን መድኃኒት ወሰደ። ሦስተኛው መድኃኒት የሚመስል ባዶ ክኒን ተሰጠው።

ሦስት ዓመት ገደማ ከታዩ በኋላ፣ መድኃኒቱ በሽታውን በ31 በመቶ ቀነሰ። አኗኗር መለወጡ በ58 በመቶ። ሰባት በመቶ ማለት 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ስድስት ኪሎ እንኳ አይሞላም። ሞዴል መሆን አያስፈልግም።

አንድ ልማድ ብቻ ልተው ብል የቱን ልተው?

ሲጋራን። ሌላውን ሁሉ በኋላ እናወራበታለን።

ይህን ከማንም በላይ ያሳየው የእንግሊዝ ሐኪሞች ጥናት ነው። በ1951 ሪቻርድ ዶልና ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል ለአገሪቱ ሐኪሞች መጠይቅ ላኩ። ወደ 34 ሺህ የሚሆኑ ወንድ ሐኪሞችን ለ50 ዓመት ተከታተሏቸው። የመጨረሻው ውጤት በ2004 ወጣ። ዕድሜ ልካቸውን ያጨሱት በአማካይ ከማያጨሱት 10 ዓመት ቀድመው ሞተዋል።

ከዚያ የሚጥመው ክፍል ይመጣል። በ60 ዓመቱ ያቆመ 3 ዓመት ያህል መልሶ አገኘ። በ50 ያቆመ 6፣ በ40 ያቆመ 9። በ30 ያቆመ 10ሩንም መልሶ አገኘ ማለት ይቻላል። ዶል ራሱ አጫሽ ነበር፤ የራሱን የመጀመሪያ ውጤቶች አይቶ ነው የተወው። 92 ዓመት ኖሯል።

አሁን 62 ዓመቴ ነው። አልረፈደም?

ከላይ ያለውን የ60 ዓመቱን መስመር ደግመው ያንብቡት። ለደም ግፊትም እንዲሁ ነው፤ ግፊትን ማውረድ በ70ዎቹ ዕድሜ ላሉም ስትሮክን ይቀንሳል። ጡንቻ በ80 ዓመትም ቢሠራበት ይጠነክራል። ልዩነቱ አንድ ነው፤ በ62 ዓመት ሐኪም ሳያማክሩ ከዜሮ ተነስተው ሩጫ አይጀመርም። በእርምጃ ይጀመራል።

መልካም ልማዶች አንድ ላይ ሲሆኑ ስንት ዓመት ይጨምራሉ?

በ2018 የታተመ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ሥራ አለ። አሜሪካ ውስጥ በአሥርት ዓመታት የተከታተሏቸውን ነርሶችና ሌሎች የጤና ባለሙያዎች መረጃ ነው የተጠቀሙት። አምስት ነገሮችን ቆጠሩ፦ አለማጨስ፣ ጤናማ ክብደት፣ በየቀኑ ቢያንስ 30 ደቂቃ መንቀሳቀስ፣ ጥሩ አመጋገብና አልኮል አለማብዛት። አምስቱንም የያዙ ሴቶች ከ50 ዓመታቸው በኋላ 43 ዓመት ያህል እንደሚኖሩ ተሰላ። አንዱንም ያልያዙት 29። ለወንዶች 38 ገደማና 25 ተኩል ነው። ልዩነቱ ለሴት 14 ዓመት፣ ለወንድ 12 ዓመት ማለት ነው።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ሁሉንም አሟልቶ የሚኖር ሰው ብዙውን ጊዜ ጊዜ አለው፣ ገንዘብ አለው፣ ሐኪም ቅርቡ ነው። ተመራማሪዎች ይህን በሂሳብ ሊያስተካክሉ ይሞክራሉ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይጠራም። ስለዚህ «አትክልት በላሁ፣ 14 ዓመት ይገባኛል» አይባልም። ሆኖም አቅጣጫው በየአገሩ ሲታይ ያው ነው።

ስለ ምግብ ሰዎች ብዙ ይጠይቁኛል፣ እኔ ግን ባጭሩ እመልሳለሁ። አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ ፍራፍሬ፣ ያልተፈተገ እህል፣ ለውዝ ይብዛ። ጨው፣ ስኳርና የፋብሪካ ሥጋ ይነስ። የዓለም ጤና ድርጅት ጨውን በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ ይህ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ከዚህ ያለፈው ክርክር የሚጠቅመው በአብዛኛው መጽሐፍ ሻጮችን ነው።

ምን ያህል ስፖርት ይበቃል?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ያወጣው ምክር በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። ከእሱ ጋር ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያሠራ ነገር። መካከለኛ ማለት እያወሩ መሄድ የሚቻልበት፣ ግን መዝፈን የማይቻልበት ፍጥነት ነው። ትልቁ ጥቅም የሚገኘው ግን ከዜሮ ወደ ጥቂት ሲሻገሩ ነው። ምንም ከማይንቀሳቀስ ሰው በቀን 15 ደቂቃ የሚሄደው ብዙ ያተርፋል።

መንቀሳቀስ ልብን እንደሚጠብቅ ቀድሞ ያሳየው ጄሪ ሞሪስ የሚባል ተመራማሪ ነው፤ በለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች። ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል። ትኬት ቆራጩ ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። በ1953 ባወጣው ጥናት ሹፌሮቹ በልብ ሕመም ይበልጥ ሲጠቁ ታየ። ተጠራጣሪዎች «መጀመሪያውኑም ወፍራሞቹ ይሆናሉ ሹፌር የሚሆኑት» አሉ። ሞሪስ የደንብ ልብሳቸውን የወገብ ልክ ሳይቀር ሄዶ ቆጠረ። የሹፌሮቹ ሰፋ ይል ነበር፤ ነገር ግን ቀጭን ሹፌሮችም ቢሆኑ ከትኬት ቆራጮቹ የባሰ ይታመሙ ነበር። እሱ ራሱ እስከ እርጅናው መንቀሳቀስ አላቆመም። በ2009 ሲሞት 99 ዓመቱ ነበር።

በልኩ መጠጣት ለልብ ይጠቅማል ይባላል። እውነት ነው?

እንዲያ ተብሎ ነበር፣ አሁን ግን ተጠራጥሮ ማለፍ ነው የሚሻለው። የድሮዎቹ ጥናቶች ትንሽ የሚጠጡትን ምንም ከማይጠጡት ጋር ያወዳድሩ ነበር። «ከማይጠጡት» ውስጥ ደግሞ ታመው ያቆሙ ሰዎች አሉበት። ከሕመምተኛ ጋር ሲነጻጸር ማን ጤነኛ አይመስልም? የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 መጀመሪያ ለጤና ምንም ጉዳት የሌለው የአልኮል መጠን የለም ብሏል። ካንሰር ላይ በተለይ ትንሹም ይቆጠራል።

እንቅልፍስ? ጭንቀትስ?

ለአዋቂ ሰባት ሰዓትና ከዚያ በላይ እንቅልፍ ያስፈልገዋል። በጣም የሚያንኮራፋና እንቅልፉ ላይ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ሰው ይመርመር፤ ግፊትም የልብ ሕመምም ያመጣል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሰው ብዙም የማይጠይቀው ነገር ነው፤ ብቸኝነት። በ2010 የ148 ጥናቶች ውጤት ተጠቃልሎ ነበር። ከ300 ሺህ በላይ ሰዎች አሉበት። ጠንካራ ማኅበራዊ ትስስር ያላቸው ሰዎች በክትትሉ ጊዜ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በ50 በመቶ ያህል የተሻለ ነበር። ስለዚህ ያ ለሦስት ወር ያልደወሉለት ጓደኛ የጤና ጉዳይ ነው።

የዘረመል ምርመራ ባደርግ ስንት ዓመት እንደምኖር ይነግረኛል?

አይነግርዎትም። ረጅም ዕድሜ የአንድ ዘረመል ሥራ አይደለም፤ እያንዳንዳቸው ቅንጣት የሚያህል ነገር የሚያደርጉ እጅግ ብዙ ዘረመሎች ድምር ነው።

ለይቶ መመርመር የሚገባው ቤተሰብ ግን አለ። ጡት ወይም የእንቁልጢ ካንሰር በወጣትነት የተደጋገመባቸው ቤቶች «ብራካ» በሚባሉት ሁለት ዘረመሎች ላይ ጉድለት ሊኖርባቸው ይችላል። ይህ ጉድለት ከአባትም ይወረሳል፤ «በአባቴ በኩል ስለሆነ አይመለከተኝም» የሚሉ ሴቶችን አግኝቼ አውቃለሁ። የትልቁ አንጀት ካንሰርም እንዲሁ በዘር የሚሄድባቸው ቤቶች አሉ። አባት፣ እናት፣ ወንድም ወይም እህት ይህ ካንሰር ከተገኘባቸው፣ ምርመራው እነሱ ከታወቀባቸው ዕድሜ 10 ዓመት ቀድሞ እንዲጀመር ይመከራል፤ ቢዘገይ በ40።

ሌላው በዘር የሚተላለፍ ከፍተኛ ኮሌስትሮል ነው። ከ250 ሰው አንዱ አለበት ተብሎ ይገመታል። እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ቀጭን ሊሆን ይችላል፣ ስፖርተኛ ሊሆን ይችላል፣ ምንም አያመውም። በተራ የደም ምርመራ ይጠረጠራል፤ በመድኃኒት ይቆጣጠሩታል። ሳይታወቅ ከቀረ ግን በ40ዎቹ ሊገድል ይችላል። ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚባለው ለዚህ ነው።

ቤት ድረስ የሚላኩት የምራቅ ምርመራዎች ብዙ ጊዜ የሚያዩት ጥቂት ነጥቦችን ብቻ ነው። «ምንም አልተገኘም» ማለት «ምንም የለም» ማለት አይደለም።

ኢንተርኔት ላይ ያለ የዕድሜ ማስያ 84 ዓመት ትኖራለህ አለኝ። ልመነው?

እንደ ጨዋታ ይያዙት። እነዚህ ማስያዎች ከሕዝብ ሠንጠረዥ አንድ አማካይ ይወስዳሉ። ከዚያ «ታጨሳለህ? ቀንስ። ወላጆችህ ከ80 አልፈዋል? ደምር» እያሉ ይሄዳሉ። የሚወጣው ቁጥር እርስዎን የሚመስሉ የብዙ ሺህ ሰዎች አማካይ ነው። ከእነሱ ገሚሱ ከዚያ በፊት፣ ገሚሱ ከዚያ በኋላ ነው የሚሞተው።

አንድ ጥቅም ግን አላቸው። መልስዎን እየቀያየሩ ደግመው ይሙሉት። የአያትዎን ዕድሜ ሲቀይሩ ቁጥሩ ትንሽ ነቅነቅ ይላል። «አጫሽ» የሚለውን ሲቀይሩ ይዘላል።

ሴቶች ለምን ይበልጥ ይኖራሉ?

በዓለም ደረጃ ልዩነቱ አምስት ዓመት ያህል ነው። ከፊሉ ተፈጥሮ ነው፤ ሆርሞንና ሁለት ኤክስ ክሮሞዞም ይጠቀሳሉ። ከፊሉ ወንዶች ራሳቸው የሚያመጡት ነው፤ ሲጋራ፣ መጠጥ፣ የመኪና አደጋ፣ ጠብና ሐኪም ጋር አልሄድም ማለት።

ረጅም ዕድሜ በሽታ ላይ ተኝቶ ምን ያደርጋል?

ትክክል። ለዚህም ነው «ጤናማ ዕድሜ» ለብቻ የሚለካው። በዓለም ደረጃ በጠቅላላው ዕድሜና በጤና በሚኖረው ዕድሜ መካከል አሥር ዓመት ያህል ልዩነት አለ። ከላይ የተነሱት ልማዶች ሞትን ብቻ አያዘገዩም፤ ስትሮክን፣ ስኳርንና የመሳሰሉትንም ያዘገያሉ። መልካም ልማድ ያላቸው ሰዎች የታመሙበት ዘመን ረዝሞባቸው ሳይሆን ጤነኛ የሆኑበት ዘመን ረዝሞላቸው ነው የታየው።

የቤተሰቤን ታሪክ ለመሰብሰብ ምን ብዬ ልጠይቅ?

አንድ ወረቀት ይበቃል። ሦስት ትውልድ ይጻፉ፤ ወላጆች፣ ወንድምና እህት፣ ልጆች፣ አያቶች፣ አክስትና አጎት። በአባትም በእናትም በኩል። ከሁሉ የሚከብዱት ወላጆች፣ ወንድምና እህት፣ ልጆች ናቸው።

ለእያንዳንዱ ሦስት ነገር ይጠይቁ። ምን ነበረበት? በስንት ዓመቱ ታወቀበት? ያጨስ ወይም ይጠጣ ነበር? ሁለተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ሰው የሚያስታውሰው የሞተበትን ዕድሜ ነው፤ ሐኪሙ የሚፈልገው በሽታው የጀመረበትን ነው።

መልሶቹ መጀመሪያ ጭጋግ ናቸው። «ድንገት ነው የሞተው።» «ሆዷን ያማት ነበር።» «በሰው ዓይን ነው።» አይናደዱ፣ አይከራከሩም። ዙሪያውን ይጠይቁ። ደረቱን ይዞት ነበር? አንድ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት ነበር? ውሃ ቶሎ ቶሎ ይጠማው ነበር? አንዳንዱ ቤት ካንሰር የሚለው ቃል አይጠራም፤ «ያ በሽታ» ይባላል። ያንን ማወቅ በቂ ነው፣ ስሙን እንዲጠሩት አያስገድዷቸው። ብዙ ጊዜ ነገሩን ሁሉ የምታውቅ አንዲት አክስት አለች። ቀድመው እሷን ያግኟት።

ወረቀቱ ሲያልቅ አንዱን ቅጂ ለሐኪምዎ ይስጡ። ከዚያ ፎቶ አንስተው ለወንድሞችዎና ለእህቶችዎ ይላኩ። የእነሱም ወረቀት ነው።